አሲድ ነው፣ ቤዝ ነው ወይስ ገለልተኛ? በቀይ ጥቅል ጎመንና በእርድ የመለየት አሠራር

ነጭ ነጠላ ላይ አልጫ ወጥ ጠብ ብሎባችሁ ያውቃል? ቢጫዋ ጠብታ እንድትለቅ ብላችሁ ሳሙና ስትቀቡባት ድንገት ቀይ ትሆናለች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል። ልብሱ ጭራሽ የተበላሸ ይመስለዋል። ግን በደንብ ለቅለቅ አድርጋችሁ ሎሚ ብታንጠባጥቡባት ተመልሳ ቢጫ ትሆናለች።

እዚያ ነጠላ ላይ የተካሄደው የኬሚስትሪ ሙከራ ነው። አልጫው ውስጥ ያለው እርድ ቤዝ የሆነው ሳሙና ሲነካው ቀላ፣ ሎሚው ቤዙን ሲያጠፋው ወደ ቀለሙ ተመለሰ። እንዲህ አሲድ ወይም ቤዝ ሲያገኘው ቀለሙን የሚለውጥ ነገር ጠቋሚ ይባላል። ትምህርት ቤት ኢንዲኬተር የምንለው ነው። ሻይም ይህ ጠባይ አለው። ሎሚ ስትጨምቁበት ፈዘዝ የሚለው ስለቀጠነ ብቻ አይደለም፣ ቀለሙ ራሱ ስለሚለወጥ ነው።

ይህን የምጽፈው በቤታቸው ከልጆች ጋር መሥራት ለሚፈልጉ ወላጆች፣ ላብራቶሪ ለሌላቸው መምህራንና ራሳቸው መሞከር ለሚፈልጉ ተማሪዎች ነው። ኬሚስትሪ ሳስተምር «ቀይ ሊትመስ በቤዝ ውስጥ ሰማያዊ ይሆናል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በቃሉ የሚያነበንብ፣ ሊትመስ ወረቀት ግን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ተማሪ በየዓመቱ ይገጥመኝ ነበር። ያሳዝነኛል። ነገሩ አትክልት ተራ ድረስ ሄዶ አንድ ጥቅል ጎመን ከመግዛት አይበልጥምና።

አጭር ማብራሪያ እንያዝ። አሲድ ውሃ ውስጥ የሃይድሮጅን አዮን ይጨምራል፣ ቤዝ ይቀንሳል። መጠኑ የሚነገረው ፒኤች በሚባል ልኬት ነው። ይህን ልኬት በ1909 እ.ኤ.አ. ያመጣው ሶረንሰን የሚባል የዴንማርክ ኬሚስት ነው። ይሠራ የነበረው ኮፐንሃገን ውስጥ በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ላብራቶሪ ነበር። 7 ገለልተኛ ነው። ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ ነው። አንድ ቁጥር ዝቅ ማለት አሲድነቱ 10 እጥፍ ጨመረ ማለት ነው። ስለዚህ ፒኤቹ 3 የሆነ ፈሳሽ 5 ከሆነው በአሲድነት 100 እጥፍ ይበልጣል።

መጀመሪያ የሚከለከሉት

ከሥራው በፊት ሦስት ነገር ልበል። በረኪናን ከዚህ ሙከራ አርቁት። ቀለሙን ራሱን ስለሚያጠፋው ምንም አያሳያችሁም። ከዚያ በላይ ደግሞ ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር ከተቀላቀለ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ልጆች አንዱን ፈሳሽ ከሌላው ጋር መደባለቅ ስለሚወዱ ጭራሽ ጠረጴዛው ላይ አይቅረብ።

ሁለተኛው የመኪና ባትሪ አሲድና የተዘጋ ቱቦ መክፈቻ ነው። በጣም ኃይለኛ ስለሆኑ ቤት ውስጥ አይሞከሩም።

ሦስተኛው፣ ምንም ነገር አትቅመሱ። መጻሕፍት አሲድ ይኮመጥጣል፣ ቤዝ ይመራል ይላሉ። እውነት ነው። ግን ቀለም እያለ ምላስ አያስፈልግም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

አንድ ትንሽ ቀይ ጥቅል ጎመን። ሐምራዊ ጥቅል ጎመን የሚሉትም አሉ። ውጭ አገር ያላችሁ በየሱፐርማርኬቱ ታገኙታላችሁ። ካጣችሁ ከርከዴ ይተካዋል፣ ስለ እሱ ወደ በኋላ እመጣለሁ። ሰባት ስምንት የሻይ ብርጭቆ፣ ማጥለያ፣ የሻይ ማንኪያ፣ ነጭ ወረቀት፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ወይም የዓይን ጠብታ ማንጠባጠቢያ። ከጓዳ ሎሚ፣ ነጭ አቼቶ፣ አጓት፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ የልብስ ሳሙና፣ ጨው፣ ስኳርና የእንጨት አመድ። ከሱቅ አንድ የታሸገ ውሃ።

ቤኪንግ ሶዳና ቤኪንግ ፓውደር አንድ አይደሉም። ይህን ደግሜ እላለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሙከራ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ቤኪንግ ፓውደር ሶዳውን ከደረቅ አሲድ ጋር ቀላቅሎ የያዘ ነው። ውሃ ሲነካው ሁለቱ እርስ በርስ ይጣፋሉ። አረፋው ካለቀ በኋላ የሚቀረው ወደ ገለልተኛ የተጠጋ ነው። ለቤዝ ምሳሌ ይሆነኛል ብላችሁ ከያዛችሁት ያሳስታችኋል።

ብርጭቆዎቹን እጠቡና ሦስት ጊዜ አለቅልቁ። አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ ስምንት ብርጭቆ ደርድሬ ጭማቂውን ስቀዳ ሦስቱ ምንም ሳይጨመርባቸው አረንጓዴ ሆኑ። ሥራቸው ላይ የቀረው ሳሙና ነበር። ተማሪዎቹ ግን ጎመኑ ውሸታም ነው ብለው ነበር።

ጭማቂውን ማውጣት

1. የጎመኑን ሩብ ያህል ደቀቅ አድርጋችሁ ክተፉ። ሁለት እፍኝ ከሆነ ይበቃል።

2. ድስት ውስጥ አድርጋችሁ የፈላ ውሃ አፍስሱበት። ውሃው ጎመኑን ከሸፈነው በቂ ነው። ክደኑትና 15 ደቂቃ ይቀመጥ። በእሳት ላይ መቀቀል አያስፈልግም፣ ብዙ ከበሰለ ቀለሙ ይፈዛል፣ ሽታውም ቤቱን ይሞላል።

3. አጥልሉትና ይቀዝቅዝ። የሚወጣው ሐምራዊ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ፈሳሽ ነው። ሰማያዊ ከሆነባችሁ አልተሳሳታችሁም። የቧንቧ ውሃችሁ ትንሽ ወደ ቤዝ ያደላል ማለት ነው። ጭማቂው ገና ሥራ ሳይጀምር ስለ ውሃችሁ ነገራችሁ።

4. ጭማቂውን ብርጭቆ ውስጥ ቀድታችሁ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ላይ አስቀምጡት። ከላይ ስታዩ ፊደሉ ካልተነበበ በጣም ወፍራም ነው። እስኪነበብ ድረስ በታሸገ ውሃ አቅጥኑት። ጠቆር ባለ ጭማቂ ውስጥ ሰማያዊና ሐምራዊ አይለዩም።

የጎመኑ ቀለም አንቶሳያኒን ይባላል። የሃይድሮጅን አዮን ሲበዛበትና ሲያንስበት የሞለኪውሉ ቅርጽ ይለወጣል። ቅርጹ ሲለወጥ የሚውጠው ብርሃንም ይለወጣል። ለዓይናችን ሌላ ቀለም ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ሮበርት ቦይል ይህን ነገር በቫዮሌት አበባ ሽሮፕ ሞክሮ በ1664 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ያኔ ፒኤች የሚባል ነገር አልነበረም። አሲዱ ያቀላዋል፣ ቤዙ አረንጓዴ ያደርገዋል፣ በቃ።

ጭማቂው ፍሪጅ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ይቆያል። በበረዶ መሥሪያ ትሪ አድርጋችሁ ካቀዘቀዛችሁት ለሳምንታት አንድ አንድ ፍሬ እያወጣችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።

ወረቀት ማዘጋጀት የምትፈልጉም ትችላላችሁ። የቡና ማጥለያ ወረቀት ወይም ነጭ ሶፍት ጭማቂው ውስጥ ነክራችሁ በጥላ አድርቁና በቀጫጭኑ ቁረጡት። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ግን አትጠቀሙ። በብዙዎቹ ውስጥ ካልሲየም ካርቦኔት አለ። እሱ ራሱ ቤዝ ስለሆነ ወረቀቱ ገና ሲደርቅ ሰማያዊ ይሆንባችኋል።

አስቀድሞ የሚታወቀውን መደርደር

አብዛኛው ሰው ጭማቂው እንደወጣ በቀጥታ የማያውቀውን ነገር ጨምሮ «ምን ሆነ?» ይላል። ሮዝ ሆነ። እሺ፣ ሮዝ ማለት ምን ማለት ነው? የእናንተ ጎመንና የእኔ ጎመን አንድ ዓይነት ቀለም አይሰጡም። ውሃችንም፣ አምፖላችንም ይለያያል። ስለዚህ መጀመሪያ የምታውቋቸውን ፈሳሾች በተርታ አሰልፉ። ቀለሙ የሚነበበው ከእነሱ ጋር ሲተያይ ነው።

በየብርጭቆው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጭማቂ ቅዱ። ከሥሩ ነጭ ወረቀት አንጥፉ። መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ሥሩ። ቢጫ አምፖል ሥር ሰማያዊው አረንጓዴ ይመስላል። ከዚያ በየብርጭቆው አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ እንዲህ ጨምሩ።

በመጀመሪያው የሎሚ ጭማቂ። ፒኤቹ 2 አካባቢ ነው፣ ደማቅ ቀይ ይሆናል። በሁለተኛው ነጭ አቼቶ። 3 አይሞላም፣ ቀላ ያለ ሮዝ ነው። በሦስተኛው አጓት። አይብ ሲወጣ የሚቀረው ማለቴ ነው። ከ4 እስከ 5 ባለው ውስጥ ስለሚሆን ወደ ሮዝ የሚያደላ ሐምራዊ ይሰጣል። አጓት ደብዘዝ ስለሚል በጨርቅ አጥልሉት።

አራተኛው የታሸገው ውሃ ነው። እዚህ አንድ ጥሩ ነገር አለን። በብዙ የአገራችን የታሸጉ ውሃዎች መለያ ላይ ፒኤቹ ተጽፏል። 7 ወይም ለ7 የቀረበውን ፈልጋችሁ ግዙ። ከገለልተኛው ጋር የምታስተያዩበት ብርጭቆ ይህ ነው። የቧንቧ ውሃን ገለልተኛ ነው ብላችሁ አትነሱ።

አምስተኛው ቤኪንግ ሶዳ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያውን በግማሽ ብርጭቆ ውሃ አሟሙታችሁ ከዚያ ላይ ጨምሩ። 8 ከምናምን ነው፣ ሰማያዊ ይሆናል።

ስድስተኛው ትንሽ ሥራ ይፈልጋል፣ ግን ይክሳል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በደረቅ የብረት መጥበሻ ላይ አድርጋችሁ በዝግታ እሳት ግማሽ ሰዓት ያህል አማስሉት። ውሃውና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ሶዲየም ካርቦኔት ይሆናል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ዱቄቱ መጀመሪያ እንደሚፈላ ነገር እየተንቀሳቀሰ ይቀልላል፣ ከዚያ ይረጋጋል። ሲቀዘቅዝ ልክ እንደ ፊተኛው አሟሙታችሁ ጨምሩ። ፒኤቹ ወደ 11 ስለሚደርስ ጭማቂው አረንጓዴ ይሆናል። አንድ ዱቄት፣ መጥበሻ ላይ ከቆየ በኋላ ሌላ ቀለም! ልጆች ይህን ካዩ አይረሱትም። ዱቄቱ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ግን ትልቅ ሰው ይያዘው።

ሰባተኛው የአመድ ውሃ ነው። ሦስት ማንኪያ የእንጨት አመድ በብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ አሳድሩትና ከላይ የጠለለውን ቅዱ። እንደ አመዱ ዓይነት አረንጓዴ ወይም ቢጫማ አረንጓዴ ይሰጣል። ይህም እጅ ይቆጠቁጣል፣ ጓንት አድርጉ።

ሰባቱን በተርታ ስታዩአቸው ከቀይ በሐምራዊና በሰማያዊ አድርጎ ወደ አረንጓዴ የሚሄድ መስመር ይወጣላችኋል። ወዲያውኑ በስልክ ፎቶ አንሡ። ብርቱ ቤዝ ውስጥ ያለው ቀለም እየፈረሰ ስለሚሄድ ከትንሽ ጊዜ በኋላ አረንጓዴው ቢጫ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ያያችሁትን ነው መመዝገብ ያለባችሁ።

አሁን የማታውቁትን

ለእያንዳንዱ ናሙና አዲስ ብርጭቆና ንጹሕ ማንኪያ ያዙ። አንድ ማንኪያ ከሎሚ ወደ ሳሙና ከተዘዋወረ ሁሉም ውሸት ይሆናል። ጭማቂው ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ናሙናው አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ልክ እንደ ማስተያያዎቹ። መጠኑ ከተለያየ ቀለሙ አይወዳደርም።

ደረቅ ነገር መጀመሪያ ይሟሟ። ጨው፣ ስኳር፣ የሳሙና ፍርፋሪ፣ ሁሉም በታሸገው ውሃ ይሟሙ። ደረቅ አሲድ ውሃ ካልነካው አሲድነቱን አያሳይም። ዘይት ደግሞ ከውሃ ጋር ስለማይዋሐድ በዚህ መንገድ አይፈተንም።

ጨውና ስኳር ጭማቂውን ከውሃው ብርጭቆ አይለዩትም። ገለልተኛ ናቸው። የልብስ ሳሙና ወደ አረንጓዴ ይስባል። ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ገለልተኛ የተጠጋ ነው። እዚህ ላይ ተማሪዎች ይከራከራሉ። «አረፋ አለው፣ ያንሸራትታል፣ እንዴት ቤዝ አይሆንም?» ይላሉ። አረፋ ማውጣትና ቤዝ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እንዶድ ያላችሁ ቀጥቅጣችሁ ሞክሩትና ቀለሙን ራሳችሁ እዩ።

ቡና፣ ኮካና ጠጅ የራሳቸው ቀለም ስላላቸው ያስቸግራሉ። ሁለት መላ አለ። አንደኛው በውሃ በጣም ማቅጠን ነው። ሁለተኛው በተዘጋጀው ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አኑሮ ከጀርባው በኩል ማየት ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ስታቀጥኑ አሲዱንም አብራችሁ እያቀጠናችሁት ነው።

አልተለወጠም ማለት ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው።

እርዱን እንመልሰው። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በሁለት የሾርባ ማንኪያ የመድኃኒት ቤት አልኮል ወይም አረቄ በጥብጡ። እርድ በውሃ ብቻ በደንብ አይሟሟም። ከእሳት አርቁት። ሲጠል የቡና ማጥለያ ወረቀት ነክራችሁ አድርቁ። ደማቅ ቢጫ ወረቀት ይሆናል። ሎሚ ጠብ አድርጉበት፣ ቢጫ ነው። ንጹሕ ውሃ ጠብ አድርጉበት፣ ቢጫ ነው። ሳሙና ጠብ አድርጉበት፣ ቀይ ቡናማ ሆነ።

ታዲያ እርዱ ቢጫ ሆኖ ሲቀር ምን ነገራችሁ? «ቤዝ አይደለም» ብቻ። አሲድ ይሁን ገለልተኛ አልተናገረም። እርድ የሚለወጠው 8 አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ለእሱ አንድ ነው።

ትምህርት ቤት የሚታወቀው ፌኖልፍታሊንም እንዲሁ ነው። ከ8.2 በታች ቀለም የለውም፣ ወደ 10 ሲደርስ ደማቅ ሮዝ ነው። አንድ ተማሪ ሁለት ጠብታ ጨምሮ ቀለም ካላየ «አሲድ ነው» ብሎ ይጽፋል። ስሕተት ነው። ውሃም ቀለም አያመጣም። ቤኪንግ ሶዳ እንኳ ቤዝ ሆኖ ሳለ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቢያሳይ ነው፣ አንዳንዴም ምንም አይታይም። መጥበሻ ላይ የቆየው ሶዳ ግን ወዲያው ያበራል።

ሜታይል ኦሬንጅ ደግሞ በተቃራኒው በኩል ቆሟል። ከ3.1 በታች ቀይ፣ ከ4.4 በላይ ቢጫ ነው። ቢጫ ስላያችሁ ቤዝ ነው ካላችሁ ወተትን ቤዝ ልታደርጉት ነው። ወተት ፒኤቹ ከ7 ትንሽ ዝቅ ይላል። ብሮሞታይሞል ብሉ ከ6 እስከ 7.6 ባለው ውስጥ ከቢጫ ወደ ሰማያዊ ስለሚሄድ ለገለልተኛው በጣም የቀረበ እሱ ነው።

እያንዳንዱ ጠቋሚ እንደ አንድ ኬላ ነው። የሚነግራችሁ ናሙናው ኬላውን አልፏል ወይስ አላለፈም የሚለውን ብቻ ነው። ኬላው 7 ላይ ካልቆመ ስለ ገለልተኛ አይጠየቅም። ስለዚህ ሁለት ተጠቀሙ። አንድ ፈሳሽ ጎመኑን ሰማያዊ አድርጎ እርዱን ቢጫ ከተወው፣ ከ7 ጥቂት ከፍ ያለ፣ 8 ያልሞላ ነው። ሁለቱንም ከለወጠ ከ8 በላይ ነው። እንዲህ በሁለት በኩል እያጠበባችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ሊትመስ ያላችሁ ሁለቱንም ዓይነት ተጠቀሙ፣ ቀዩንም ሰማያዊውንም። ቀዩ ሰማያዊ ከሆነ ቤዝ። ሰማያዊው ቀይ ከሆነ አሲድ። ሁለቱም ባሉበት ከቀሩ ገለልተኛ። በአንዱ ብቻ ገለልተኛን መለየት አይቻልም። ወረቀቱን ጠርሙስ ውስጥ አትንከሩ። በንጹሕ ዘንግ አንድ ጠብታ አምጥታችሁ ወረቀቱ ላይ አኑሩ። ሳጥኑ ሁሌም ተዘግቶ ይቀመጥ፣ በላብ እጅም አይነካ። ዩኒቨርሳል ኢንዲኬተር ካላችሁ የብዙ ጠቋሚዎች ድብልቅ ስለሆነ ከሳጥኑ ላይ ካለው የቀለም ሰንጠረዥ ጋር አስተያይታችሁ ቁጥሩን በግምት ታነባላችሁ።

ከርከዴን ቃል ገብቼ ነበር። አንድ እፍኝ በፈላ ውሃ ዘፍዝፉ። ራሱ አሲድ ስለሆነ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ አሲድን ለማየት አይመችም፣ ከቀይ ወደ ቀይ አይለይም። ቤዝን ግን በደንብ ያሳያል፣ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። በጠብታ ብቻ፣ ጥቂት ጥቂት ተጠቀሙት። ቀይ ሥር ግን አይሆንም። ቀለሙ ጎመኑን ስለሚመስል ብዙ ሰው ይሞክረዋል። ቤታላይን የሚባል ሌላ ዓይነት ቀለም ነው። ከሎሚ እስከ ሳሙና ድረስ ያው ቀይ ነው፣ በጣም ብርቱ ቤዝ ሲያገኘው ብቻ ይቢጫል።

ከጓዳ ሁለት ሙከራ

አንደኛው በአምቦ ውሃ ነው። ጠርሙሱን አሁን ክፈቱና አንድ ማንኪያ ጭማቂው ላይ ጨምሩ። ቀለሙ ወደ ሐምራዊ ያደላል። በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃ ውስጥ ደካማ አሲድ ስለሚሆን ነው። ከዚያ ከዚያው ጠርሙስ አንድ ብርጭቆ ድስት ውስጥ አድርጋችሁ 10 ደቂቃ አፍሉት። ቀዝቅዞ ሲጨመር ሰማያዊ ይሆናል። ጋዙ ሄዷል። የቀረው ባይካርቦኔቱ ነው፣ እሱ ደግሞ ቤዝ ነው። አንድ ጠርሙስ ውስጥ ሁለቱም አብረው ነበሩ። ሁለቱን ብርጭቆ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩ።

ሁለተኛው የእንጀራ ሊጥ ነው። ሊጡ በተቦካ ዕለት ጥቂት አቅጥናችሁ ስታጠልሉት የሚወጣውን ውሃ በጭማቂው ፈትኑ። በሁለተኛው ቀን ድገሙት። በሦስተኛው ቀን ከላይ የሚንሳፈፈውን እርሾ ቅዱና ፈትኑ። ነጭ ጤፍ ቢሆን ይመረጣል፣ የቀይ ጤፍ ቀለም ያደናግራል። የመጀመሪያው ቀን ሐምራዊ ነው። ሦስተኛው ቀን ሮዝ ነው፣ ከማስተያያዎቹ መካከል ከአጓቱ ጋር ይመሳሰላል ወይም ያልፈዋል። ሊጡ ውስጥ ያሉት ተህዋስያን ስኳሩን እየበሉ ላክቲክ አሲድ እየሠሩ ነው። እናቶቻችን አሸትተው «ደርሷል» የሚሉት ነገር በቀለም ሲታይ ይህ ነው።

አፈር የምትፈትኑ

በጎጃምና በወለጋ ብዙ የእርሻ መሬት አሲዳማ ሆኗል። ኖራ የሚበተንበት ምክንያት ይህ ነው። በጎመን ጭማቂ የጓሮ አፈራችሁን በግምት ማየት ትችላላችሁ። አንድ እጅ አፈር በሁለት እጅ ተኩል የታሸገ ውሃ በጥብጡ፣ አሳድሩት፣ ከላይ የጠለለውን ብቻ ቅዱ። ጭማቂውን አፈሩ ላይ በቀጥታ አታፍስሱ። ሸክላው ቀለሙን ስለሚመጠው የምታዩት ነገር ትክክል አይሆንም። ይህ አቅጣጫ ይጠቁማችኋል እንጂ ስንት ኩንታል ኖራ እንደሚያስፈልግ አይነግራችሁም። ለዚያ የአፈር ላብራቶሪ ውጤት ያስፈልጋል።

ወደ ስምጥ ሸለቆ የምትሄዱ ደግሞ ከሻላ ወይም ከአቢጃታ ሐይቅ በትንሽ ጠርሙስ ውሃ ይዛችሁ ተመለሱ። ፒኤቻቸው ወደ 10 ይጠጋል። ጭማቂውን ወዲያው ወደ አረንጓዴ ይወስዱታል። ዳሎል ላይ ያሉት ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎች ደግሞ ሌላኛው ጫፍ ናቸው፣ ፒኤቻቸው ከ0 በታች የሚወርድ አለ። ከዚያ ግን በእጃችሁ ቀድታችሁ እንዳትሞክሩ።

ስትጨርሱ

ጭማቂው የተረፈበትን ጠርሙስ ስሙንና ቀኑን ጻፉበት። ሐምራዊ ውሃ ፍሪጅ ውስጥ ያየ ልጅ ጭማቂ ነው ብሎ ይጠጣዋል። ከሸተተ ወይም ሻጋታ ካወጣ ይደፋ።

ብርጭቆዎቹን ከመድፋታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። የሎሚውን ብርጭቆ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ገልብጡ፣ ቀይ ነው። መጥበሻ ላይ ከቆየው ሶዳ ላይ በማንኪያ እየቀነሳችሁ ጨምሩ። አረፋ ይነሣል። ቀዩ ወደ ሮዝ፣ ከዚያ ወደ ሐምራዊ ይመጣል። ከታሸገው ውሃ ብርጭቆ ጋር ሲመሳሰል አቁሙ። አንድ ማንኪያ ካለፋችሁ ሰማያዊ ይሆናል፣ ያኔ ከሎሚው ጠብታ መልሱበት። ሐምራዊ ላይ ስታደርሱት ገለልተኛ ነው፣ ወደ ማጠቢያው ይፈስሳል።